ያለ ደመወዝ የሚያገለግሉትን ስለ ማቆየት

(በአይከል ከተማ በተከበረው የዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ለአባል ማኅበራት ተወካዮችና ለተጋበዙ የሥራ ኃላፊዎች የቀረበ ንግግር)








እንዲህ ባለው በዓል ላይ ስለ ተገዛው እህል፣ ስለ ተሠራጨው ማዳበሪያና ስለ ተሠራው መጋዘን ብዙ ይነገራል። መነገሩም ተገቢ ነው። የዚህ ንግግር ጉዳይ ግን በሪፖርት ሠንጠረዥ ውስጥ ቦታ የማይሰጠው ነገር ነው። እሱም ማኅበሩን ያለ ደመወዝ የሚያገለግሉ ሰዎች ጉዳይ ነው። ሊቀ መንበሩ፣ ጸሐፊው፣ ገንዘብ ያዡ፣ የቁጥጥር ኮሚቴው አባላት፣ በየጎጡ እየዞሩ የማዳበሪያ ፍላጎት የሚመዘግቡት፣ እነዚህ ሁሉ ደመወዝ የላቸውም። የሚኖሩት እንደ ሌላው አባል በእርሻቸው ነው።

በጠቅላላ ጉባኤ ተቀምጦ ያየ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ሪፖርት ሲቀርብ የሚወጣው እጅ ብዙ ነው፤ ጥያቄውም ይጎርፋል። «አሁን ወደ አዲስ የሥራ አመራር ኮሚቴ ምርጫ እንለፍ» ሲባል ግን ዳሱ ጸጥ ይላል። የተጠቆመው ሁሉ ይነሣና አንዱ «ከብት የሚጠብቅልኝ የለም» ይላል፤ ሌላው «ዓይኔ ደክሟል» ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ «ባለፈው አገልግያለሁ፣ የደረሰብኝ ይበቃኛል» ብሎ ይቀመጣል። በመጨረሻ የሚመረጠው እምቢ ማለት ያቃተው፣ አንዳንዴም በዕለቱ በስብሰባው ያልተገኘው ሰው ይሆናል። እንዲህ የተመረጠ ኮሚቴ ምን ያህል እንደሚቆይና እንዴት እንደሚሠራ ለመገመት አያስቸግርም።

ማኅበር የሚወድቀው ገንዘብ ሲያጣ ብቻ አይደለም። ገንዘብ እያለው የሚያገለግለው ሰው ሲያጣም ይወድቃል። ስለዚህ ጉዳዩ ዛሬ በበዓሉ ቀን ሊነሣ የሚገባው ነው።

ሥራው ምን ያህል ነው?

አይከል ከጎንደር ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ የገበያ ከተማ ናት። በዙሪያዋ ያለው ገበሬ ጤፍ፣ ዳጉሳ፣ ማሽላ፣ ኑግና ሽምብራ ያመርታል። ዝቅ ሲል ደግሞ ወደ ሰሊጡ አገር ይደረሳል። የአካባቢው ወጣት በሰሊጥ አረምና አጨዳ ወቅት ወደ ቆላ ስለሚወርድ፣ በቤት የሚቀረው የሰው ጉልበት በዚያ ጊዜ ያንሳል። የኮሚቴ አባሉም ቤት እንደዚሁ ነው።

አሁን አንድ የማዳበሪያ ሥርጭት ይታይ። አንድ መሠረታዊ ማኅበር 600 ኩንታል ማዳበሪያ ቢረከብ ይህ 1,200 ከረጢት ነው። ተቀባዩ 300 አባወራና እማወራ ቢሆን፣ ስሙን ከመዝገብ ፈልጎ፣ ገንዘቡን ቆጥሮ፣ ደረሰኝ ቆርጦና አስፈርሞ ለመሸኘት ለእያንዳንዱ አሥር ደቂቃ ብቻ ቢወስድ 3,000 ደቂቃ ይሆናል። ይህም 50 ሰዓት ነው። በቀን ስምንት ሰዓት ቢሠራ ከስድስት ቀን በላይ ይፈጃል። መኪናው በሌሊት ሲደርስ ቆሞ ማራገፉ፣ ያልደረሰው ሰው ሲቆጣ ማስረዳቱ፣ ሒሳቡን ወረዳ ድረስ ወስዶ ማወራረዱ በዚህ ውስጥ አልተቆጠረም።

ይህ ሁሉ የሚሆነው መቼ ነው? ግንቦትና ሰኔ ላይ ነው። ማለትም መሬት በሚደጋገምበት፣ ዳጉሳና ማሽላ በሚዘራበት፣ የጤፍ ማሳ በሚለሰልስበት ጊዜ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ደግሞ አጨዳና ውቂያ ሲደርስ ማኅበሩ እህል መግዛት ይጀምራል፤ ኮሚቴውም ሚዛን ላይ ይቆማል። የማኅበሩ ሥራ የሚከብደው የገበሬው ሥራ በሚከብድበት ወቅት መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል።

አንድ ሊቀ መንበር በሳምንት ሁለት ቀን ለማኅበሩ ቢሰጥ በዓመት 104 ቀን ሰጠ ማለት ነው። ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡም እንዲሁ ቢሰጡ ሦስቱ በድምሩ 312 ቀን ይሆናሉ። ይህን ቀን ማንም በገንዘብ አይከፍለውም። የሚከፍለው ግን አለ። ቀኑን የምትከፍለው በእሱ ምትክ ከብት የምታግድ፣ አረም የምታርም ሚስት ናት፤ ከትምህርት ቤት የሚቀር ልጅ ነው፤ በወቅቱ ሳይታረስ የሚያልፍ ማሳ ነው። «በነፃ የሚያገለግል» የሚባለው ሰው ዋጋው የሚከፈለው ከራሱ ጎተራ ነው።

ደቦና ወንፈል የሚያስተምሩት

ለመተባበር የዚህ አገር ገበሬ ከማንም መማር አያስፈልገውም ይባላል። አባባሉ እውነት ነው። ነገር ግን አባቶች ያወረሱት ትብብር እንዴት እንደሚሠራ በጥሞና ማየት ይጠቅማል።

በደቦ የተጠራ ሰው ገንዘብ አይቀበልም። ቢሆንም የደቦው ጌታ ጠላ ጠምቆ፣ እንጀራ ጋግሮ፣ ወጥ ሠርቶ ይጠብቃል። ሳያበላ ደቦ የጠራ ሰው ለሚቀጥለው ዓመት ጠርቶ ማንንም አያገኝም። በወንፈል ደግሞ ዛሬ ለአንዱ የታረሰ ቀን ነገ ለሌላው ይመለሳል። የቀኑ ቁጥር በማንም ወረቀት ባይጻፍም በሁሉም ልብ ይታወቃል። በሁለቱም ሥራው መጨረሻ አለው፤ ማሳው ሲያልቅ ወይም ፀሐይ ስትጠልቅ ሰው ወደ ቤቱ ይሄዳል። በሁለቱም የሠራው ሰው በጎረቤቱ ፊት ይታያል፤ ጎበዙ ይወደሳል፣ ሰነፉም ይቀለድበታል።

በዕድርም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። የዕድሩ ዳኛና ጸሐፊ በፈቃዳቸው ያገለግላሉ። ሥራው በየጊዜው ለሚጠራው ጥሩምባ ነፊ ግን በብዙ ዕድር መጠነኛ ክፍያ ይሰጠዋል። አንዳንዴ የሚሠራውን ሥራና በየጊዜው የሚሠራውን ሥራ አባቶች ለይተው ያውቁ ነበር።

ከዚህ በመነሣት በባህሉ ውስጥ በነፃ የሚሠራ ሰው አራት ነገር ያገኝ እንደነበር መረዳት ይቻላል። እነሱም፦

አንደኛ፣ መስተንግዶ፤ ከኪሱ እንዲያወጣ አይደረግም።
ሁለተኛ፣ ተራ፤ የሰጠው ጉልበት ይመለስለታል ወይም ሌላው ይተካዋል።
ሦስተኛ፣ መጨረሻ፤ መቼ እንደሚያበቃ ያውቃል።
አራተኛ፣ ምስክር፤ መልካም ሥራው በሰው ፊት ይታያል።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። የማኅበር ኮሚቴ አባል ከነዚህ ከአራቱ የትኛውን ያገኛል? በብዙ ቦታ አንዱንም አያገኝም። ወረዳ ለመሄድ ከኪሱ ይከፍላል። የሚተካው የለም። ሥራው ማለቂያ የለውም። በሰው ፊት የሚጠራውም ሲታማ ብቻ ነው።

ፈቃድና ግዴታ

የኅብረት ሥራ የመጀመሪያው መርህ በፈቃድ ላይ የተመሠረተና ለሁሉም ክፍት የሆነ አባልነት ነው። በእንግሊዝ አገር በሮችዴል ከተማ እ.ኤ.አ. በ1844 ማኅበራቸውን የመሠረቱት ሠራተኞች ሱቃቸውን በመጀመሪያ የሚከፍቱት በሳምንት ሁለት ምሽት ብቻ ነበር። ቀን ቀን የየራሳቸውን ሥራ ስለሚሠሩ ለማኅበሩ የሚሰጡትን ጊዜ መጥነው ያዙ። ከአቅማቸው በላይ ባለመጀመራቸው ሥራው ቀጠለላቸው።

በዚህ አገር ደግሞ የተገላቢጦሹ ታይቷል። በደርግ ዘመን የገበሬዎች አምራች ኅብረት ሥራ ማኅበራት የተቋቋሙት ባብዛኛው በግፊት ነበር። በየካቲት 1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅና ገበሬው እንዲመርጥ ሲፈቀድለት አብዛኞቹ በጥቂት ወራት ውስጥ ፈረሱ፤ በሬውም መሬቱም ተከፋፈለ። «ማኅበር» የሚለው ቃል ራሱ ለብዙ ዓመታት ሰው የሚሸሸው ሆኖ ቆየ። በአዋጅ ቁጥር 147/1991 መሠረት ማኅበራት እንደገና ሲደራጁ ትልቁ ሥራ ይህን ጥርጣሬ ማንሣት ነበር። ይህ አዋጅ በኋላ በአዋጅ ቁጥር 985/2009 ተተክቷል።

ትምህርቱ ግልጽ ነው። በግዴታ የመጣ ሰው ግዴታው ሲላላ ይሄዳል። በፈቃዱ የመጣ ሰው ደግሞ ፈቃዱ እንደ ግዴታ ከተቆጠረበት ይሄዳል። «አንዴ ተመርጠሃል፣ ምን ታመጣለህ» የሚባል የኮሚቴ አባል በፈቃዱ የሚያገለግል አይደለም።

የሌሎች ልምድ

በ2000 ዓ.ም. አካባቢ በአዲስ አበባ ከኤች.አይ.ቪ. ጋር የሚኖሩ ሕሙማንን በየቤታቸው እየሄዱ የሚያስታምሙ በጎ ፈቃደኞች ነበሩ። ኬኔት ሜስ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ሰብ ተመራማሪ ኑሯቸውን ቀርቦ አጥንቷል። እነዚህ ሰዎች ሥራቸውን ይወዱታል፤ ከሕሙማኑ ጋር ወዳጅነት ይመሠርታሉ፤ ከፈጣሪ ዋጋ እንደሚያገኙም ያምናሉ። ነገር ግን ብዙዎቹ ራሳቸው የሚበሉት የሚያጥራቸው፣ ደመወዝ ያለው ሥራ የሚሹ ድሆች ነበሩ። መልካም ልብ የራበውን ሆድ አይሞላም። አገልጋዩን «ዋጋህ በሰማይ ነው» ብሎ ማሰናበት ለተናጋሪው ቀላል ነው፤ ለሰሚው ግን አይደለም።

በሌላ በኩል በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሲዘረጋ በየቀበሌው የሚመደቡት ሴት ሠራተኞች ሠልጥነው በደመወዝ እንዲቀጠሩ ተደረገ። በየቀኑ የሚሠራና ሙያ የሚጠይቅ ሥራ በበጎ ፈቃድ ብቻ እንደማይዘልቅ ስለ ታወቀ ነው። የዓለም የጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ በኅብረተሰቡ ውስጥ የሚሠሩ የጤና ሠራተኞች ለሥራቸው ተመጣጣኝ ክፍያ እንዲያገኙ መክሯል።

ይህ ሲባል የማኅበር ኮሚቴ ሁሉ ደመወዝተኛ ይሁን ማለት አይደለም። ደመወዝ የሚከፈለው አመራር በደመወዙ ምክንያት ወንበሩን አልለቅም ሊል ይችላል። መለየት የሚያስፈልገው ሥራውን ነው። መወሰን፣ መቆጣጠርና አባላትን መወከል የተመራጮች ሥራ ነው፤ በፈቃድ ሊሠራ ይችላል። መጋዘን መጠበቅ፣ ሒሳብ መያዝና ዕቃ መሸጥ ግን የየቀኑ ሥራ ነው፤ ለዚህ ሠራተኛ መቅጠር ይገባል። አንድ ማኅበር ብቻውን ሒሳብ ሠራተኛ ለመቅጠር አቅም ካነሰው ሦስት ወይም አራት ጎረቤት ማኅበራት በዩኒየኑ አማካይነት አንድ ሒሳብ ሠራተኛ በጋራ ሊይዙ ይችላሉ።

ታማኙን ሌባ የሚያሰኘው ምንድን ነው?

ኮሚቴዎች ለምን እንደሚለቁ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ የሚሰማው «ሥራው ከበደኝ» የሚል አይደለም። «ስሜ ጠፋ» የሚል ነው። ይህ ከሁሉ የከፋ ምክንያት ስለሆነ ረዘም አድርጎ ማየት ያስፈልጋል።

አንድ ምሳሌ ይወሰድ። ማኅበሩ በታኅሣሥ 100 ኩንታል እህል ገዝቶ መጋዘን አስገባ። እህሉ ገና ከአውድማ የመጣ በመሆኑ እርጥበቱ 14 በመቶ ነበር። እስከ ሚያዝያ ባለው በጋ ደርቆ እርጥበቱ ወደ 12 በመቶ ወረደ። በዚህ ጊዜ እህሉ ሲመዘን 97 ኩንታል ከ73 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ከሁለት ኩንታል በላይ ጎደለ። አይጥ አልበላውም፤ ነቀዝ አልነካውም፤ ማንም አልሰረቀውም። የጎደለው ውኃ ነው።

ነገር ግን በጠቅላላ ጉባኤ ላይ የሚነበበው «ገቢ 100፣ ወጪ 97» የሚል ነው። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ሰው «ሁለቱ ኩንታል የት ገባ?» ይላል። ሌላው ይስቃል። የመጋዘን ኃላፊው ተነሥቶ «ደረቀ» ቢል ማን ያምነዋል? የዚያን ዕለት ማታ ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ወሬውን ሰምታ ትጠብቀዋለች። ልጆቹም በትምህርት ቤት ይሰሙታል። በሚቀጥለው ዓመት ይህ ሰው እንደገና ይመረጥ ቢባል እሺ ይላል? እሱን ያየ ጎረቤቱስ?

መድኃኒቱ ግን ውድ አይደለም። እህል ሲገባ የእርጥበቱ መጠን በመለኪያ ተለክቶ በመረከቢያው ላይ ቢጻፍ፣ መለኪያ ከሌለም ምን ያህል የክብደት ጉድለት እንደሚፈቀድ ጠቅላላ ጉባኤው አስቀድሞ ቢወስን ነገሩ ያልቃል። ከዚያ በላይ የጎደለ እንደሆነ ይጠየቃል፤ በዚያ ልክ ከሆነ ግን ማንም ስሙን አያነሣም።

የሒሳብ ምርመራም እንደዚሁ ነው። ሕጉ የማኅበራት ሒሳብ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ እንዲመረመር ያዛል። ብዙ ሰው ኦዲት ሌባን ለመያዝ ብቻ የሚደረግ ይመስለዋል። የኦዲት የመጀመሪያ ጥቅሙ ግን ታማኙን ከሐሜት ማዳን ነው። ሒሳቡ ለሁለት ለሦስት ዓመት ሳይመረመር የቆየ ኮሚቴ ንጹሕ ቢሆንም ንጹሕነቱን የሚያሳይበት ወረቀት የለውም። ሌባውም ከታማኙ ጋር አብሮ ይታማል፤ ስለዚህ ሌባው ምንም አይጎዳም፣ የሚጎዳው ታማኙ ነው።

ከአቅም በላይ የሆነ ችግርም አለ። በ2014 ዓ.ም. የማዳበሪያ ዋጋ በዓለም ገበያ እጅግ ንሮ ነበር። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ በአማራ ክልል ማዳበሪያ በጊዜው ባለመድረሱ አርሶ አደሮች ቅሬታቸውን በግልጽ አሰምተዋል። ዋጋውን የወሰነው፣ መኪናውን ያዘገየው የቀበሌው ኮሚቴ አይደለም። ቁጣው ግን መጀመሪያ የሚደርሰው እሱ ዘንድ ነው። ደጃፉ ቅርብ ነውና። በአካባቢው በተለያዩ ዓመታት የተፈጠረው የጸጥታ ችግርም መንገድ ሲዘጋና ገበያ ሲበተን የኮሚቴዎችን ሸክም አክብዶታል። እንዲህ ባለ ጊዜ የማኅበሩን መዝገብና ገንዘብ ጠብቀው ያቆዩ አገልጋዮች ያሉበት ማኅበር ቢያንስ በስማቸው ሊያመሰግናቸው ይገባል።

ምን ይደረግ?

ከላይ ከተዘረዘረው በመነሣት እያንዳንዱ ማኅበር በአቅሙ ሊፈጽማቸው የሚችሉ ነገሮች የሚከተሉት ናቸው።

1. ሥራው ከምርጫ በፊት ይነገር። ሊቀ መንበር በወር ስንት ቀን እንደሚፈለግ፣ ገንዘብ ያዥ ምን እንደሚፈርም፣ ቁጥጥር ኮሚቴ በየስንት ጊዜው መጋዘን እንደሚቆጥር በአንድ ገጽ ወረቀት ተጽፎ ለጉባኤው ይነበብ። ምን እንደሚጠብቀው አውቆ እሺ ያለ ሰው ቶሎ አይለቅም። እጩዎችም ከጉባኤው ሁለት ሳምንት አስቀድሞ ይጠየቁ። ከቤተሰቡ ጋር መክሮ የመጣ ሰው ይሻላል።

2. ሥራው ይከፋፈል። ከላይ የተጠቀሰው 312 ቀን በሦስት ሰው ላይ ሲወድቅ ለእያንዳንዱ 104 ቀን ነው። ኮሚቴው ሰባት ቢሆንና ለሰባቱ ቢከፋፈል ግን 45 ቀን ያህል ይሆናል። በብዙ ማኅበር ሰባት ሰው ተመርጦ የሚሠራው ሦስት ሰው ነው። ቀሪዎቹ አራት ሥራ ስላልተሰጣቸው እንጂ ሰነፎች ስለሆኑ ላይሆን ይችላል።

3. ስብሰባ የእርሻ ቀን አይብላ። ገበሬው በበዓል ምክንያት በሬ የማይጠምድባቸው ቀናት በየወሩ አሉ። የኮሚቴ ስብሰባ ከነዚህ በአንዱ ቋሚ ቀን ቢኖረውና ከሁለት ሰዓት ባይበልጥ የማንም ማሳ አይጎዳም። የስብሰባ አጀንዳ አስቀድሞ ይታወቅ። ያልመጣን ሰው ለሦስት ሰዓት መጠበቅ የመጣውን መቅጣት ነው።

4. ማንም ከኪሱ አይክፈል። ለማኅበሩ ሥራ ወረዳ ወይም ጎንደር የሄደ ሰው የመኪናውና የምሳው ወጪ በደረሰኝና ጉባኤው በወሰነው ልክ ይተካለት። ይህ ደመወዝ አይደለም፤ የደቦው ጌታ የሚያቀርበው እንጀራ ነው። መጠኑ በጉባኤ ከተወሰነና በማስታወቂያ ሰሌዳ ከተለጠፈ ለሐሜት በር አይከፍትም። ተደብቆ ከተከፈለ ግን አሥር ብሩም ሌብነት ይመስላል።

5. ጉልበት ይመለስ። በማዳበሪያ ሥርጭት ሳምንት መጋዘን የሚውሉትን የኮሚቴ አባላት ማሳ አባላት ተሰብስበው አንድ ቀን ቢያርሱላቸው ምን ያህል ያስደስታቸዋል? 300 አባላት ባሉት ማኅበር አሥር ጥማድ በሬ ማዋጣት ከባድ አይደለም። ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ ወንፈል ነው። ባሏ የሞተባት ወይም ቤቷን ብቻዋን የምትመራ ሴት ኮሚቴ ውስጥ ለማገልገል የምትችለውም እንዲህ ያለ ድጋፍ ሲኖር ነው። «ሴቶች አይመረጡም» እየተባለ ይወቀሳል፤ ከብቱን፣ ውኃውንና ልጁን ማን ይያዝላት ተብሎ ግን አይጠየቅም።

6. ክስ በማስረጃ ይሁን። ጥርጣሬ ያለው አባል ጥርጣሬውን ለቁጥጥር ኮሚቴ ያቅርብ፤ ቁጥጥር ኮሚቴውም መርምሮ ውጤቱን ለጉባኤ ይግለጽ። ጥፋተኛ የተገኘ በሕግ ይጠየቅ። ነፃ የተገኘም ነፃ መሆኑ በዚያው ጉባኤ፣ በዚያው ድምፅ ይነገርለት። ክሱ በአደባባይ፣ ይቅርታው በጓዳ መሆን የለበትም።

7. ተተኪ ይዘጋጅ። በሕጉ የሥራ አመራር ኮሚቴ የአገልግሎት ዘመን ሦስት ዓመት ሲሆን አንድ ሰው ከሁለት ተከታታይ ዘመን በላይ አይመረጥም። ይህ ድንጋጌ ሥልጣን እንዳይርቅ ብቻ ሳይሆን አገልጋዩም መጨረሻውን እንዲያውቅ ይረዳል። ነገር ግን ሁሉም በአንድ ቀን ከወጡ ልምዱም አብሮ ይወጣል። ስለዚህ ማንበብና መጻፍ የሚችሉ ወጣቶች፣ አሥረኛና አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሰው ቤት የተቀመጡ የአባላት ልጆች፣ ከነባሩ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ጎን እየተቀመጡ ቢማሩ በሚቀጥለው ምርጫ ዳሱ ጸጥ አይልም። ርክክቡም በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ይሁን፤ መዝገብ፣ ማኅተም፣ ቁልፍ፣ ቼክና የባንክ ሒሳብ አንድ በአንድ ተቆጥሮ ይፈረም።

8. የሚሸኝ ሰው በክብር ይሸኝ። ዘመኑን ጨርሶ፣ ሒሳቡን አስመርምሮ የወጣ የኮሚቴ አባል በጠቅላላ ጉባኤ ፊት ቆሞ ይመስገን። ሚስቱም አብራ ትጠራ፤ ቀኑን የከፈለችው እሷ ናትና። አንድ ጋቢ ወይም አንድ ወረቀት ዋጋው ትንሽ ነው። ከዳሱ የተቀመጠው ወጣት ግን ያየዋል፤ «ለካ የሚያገለግል ሰው ይከበራል» ይላል። የነገው ሊቀ መንበር የሚገኘው ከዚያ ነው።

ከሥራ ኃላፊዎች የሚጠበቅ

የወረዳና የዞን የሥራ ኃላፊዎች ለማኅበራት የሚያደርጉት ድጋፍ ከፍተኛ መሆኑ አይካድም። ቢሆንም በዚህ ጉዳይ ሊታሰብባቸው የሚገቡ ሦስት ነገሮች አሉ።

የመጀመሪያው፣ የማኅበር ኮሚቴ የማንኛውም ዘመቻ መልእክተኛ መሆን የለበትም። መዋጮ ማስታወስ፣ ስብሰባ መጥራት፣ ዝርዝር መሰብሰብ ሁሉ በእሱ ላይ ሲጫን አባላት የማኅበሩን ሰው ከቀበሌው ሰው መለየት ያቅታቸዋል። በዚህም ምክንያት በፈቃድ የተመረጠው ሰው የግዴታ አስፈጻሚ መስሎ ይታያል።

ሁለተኛው፣ የሒሳብ ምርመራ በጊዜው ይድረስ። የኦዲተር እጥረት እንዳለ ይታወቃል። ነገር ግን ኦዲት የዘገየበት ማኅበር ኮሚቴውን በሐሜት እንደሚያጣ ታውቆ ምርጫ ለደረሰባቸው ማኅበራት ቅድሚያ ቢሰጥ ጥቅሙ ብዙ ነው።

ሦስተኛው፣ ምርጫ የአባላት ነው። እጩ ከላይ ከመጣ አባሉ እጁን ያወጣል፤ ልቡን ግን አያወጣም። የ1982ቱ ትምህርት አይረሳ።

ማጠቃለያ

የተከበራችሁ አባላት፣

ዛሬ በዓሉ የሚከበረው መጋዘኑ ስለቆመ ብቻ አይደለም። መጋዘኑ እንዲቆም ድንጋይ ያስጫኑ፣ ማኅተም በጨርቅ ጠቅልለው ይዘው ወረዳ የተመላለሱ፣ የዕጣ ገንዘብ በየቤቱ እየዞሩ የሰበሰቡ፣ በሌሊት መኪና ያራገፉ ሰዎች ስለነበሩ ነው። ከነዚህ ውስጥ አንዳንዶቹ ዛሬ በሕይወት የሉም። አንዳንዶቹ ተከፍተው ቤታቸው የተቀመጡ ናቸው። በዚህ በዓል ያልተገኙትን ሄዶ መጠየቅ የማንም ኮሚቴ ውሳኔ አያስፈልገውም።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። ማኅበር የተቋቋመው ሸክሙን ጌጥ ለማድረግ ነው። ሃምሳውን ሎሚ ለአንድ ሊቀ መንበር አሸክሞ፣ አንዱ ሲወድቅበት «ሰረቀ» ማለት ግን ማኅበር አይደለም።

ስለሆነም በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ምርጫ ሲጠራ ከዳሱ ውስጥ አንድ ሰው በፈቃዱ ተነሥቶ «እኔ አገለግላለሁ» እንዲል፣ ከዛሬ ጀምሮ ለነባሮቹ መስተንግዶውን፣ ተራውን፣ መጨረሻውንና ምስክሩን መስጠት የአባላት ሁሉ ሥራ ይሁን።

በዓሉ የሰላም፣ ዘመኑ የጥጋብ ይሁን!